የመጻሕፍቱ ሸራ

መምህር ታዲዮስ ሚስቱን ቀብሮ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው የሳሎኑን ግድግዳ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የአልጋዋን ባዶነት ባየ ነበር፣ በር ሥር የቀረ ነጠላ ጫማዋን ባየ ነበር። እሱ ግን ግድግዳውን አየ። ከወለል እስከ ኮርኒስ መጽሐፍ ይደረደርበት የነበረው ግድግዳ ራቁቱን ቀርቷል። መደርደሪያው ራሱ ተነቅሎ ወጥቷል። ከሥሩ ፍራሽ ተነጥፎ ከሚስቱ አገር ከጪጩ የመጡ ሴቶች ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠውበታል።

አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ገጠመው።

ምን ይበል? እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ በዚያ ሰዓት ሰው ምን ይላል? ዲላ ውስጥ ቤት ሐዘን ሲገባው ሳሎን ይለቀቃል። ሶፋው ይወጣል፣ ቴሌቪዥኑ ይወጣል፣ ቁም ሳጥኑ ይወጣል፤ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ደጅ ላይ ድንኳን ይተከላል። ይህ የእድር ሥራ ነው። ባለቤቱ አይጠየቅም፤ የእሱ ድርሻ ማልቀስ ነው። ታዲዮስ ራሱ በስንት ሰው ቤት ሶፋ ተሸክሞ አውጥቷል! በእሱ ቤት እንዲህ ይሆናል ብሎ ግን አንድም ቀን አላሰበም። ለነገሩ ሚስቱ ፀዳለ ትሞታለች ብሎም አላሰበም ነበር።

"ቁጭ በል እንጂ መምህር፣ አይዞህ" አሉት የእድሩ ዳኛ ጋሽ በቀለ፣ ክንዱን ይዘው።

ቁጭ አለ። ወሩ ግንቦት ነው፤ ደመናው ከተማው ላይ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ሰው ሁሉ "ምስኪን፣ ሚስቱን እያሰበ ነው" ሲል እሱ አንገቱን ደፍቶ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የት አደረጓቸው?

መቼም ታዲዮስን የማያውቅ የዲላ ሰው የለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያስተምር አርጅቶ ጡረታ የወጣ፣ ቀጭን፣ የሸሚዙ ቁልፍ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። የሚሰበስበው የድሮ መጽሐፍ ነው፤ ከሁሉም በላይ የግጥም። ያውም እንዲያው የድሮ ከሆነ ይበቃል ብሎ አይደለም፤ የመጀመሪያው እትም መሆን አለበት። "ይኸው ግጥም እኮ አሁን በአዲስ ታትሞ ይሸጣል" ብትሉት ይስቅባችኋል። አዲሱ ምን ያደርግለታል! እሱ የሚፈልገው ገጣሚው በሕይወት እያለ የታተመውን ነው። ፊደሉ አንድ በአንድ በእጅ የተለቀመውን፣ መጨረሻው ገጽ ላይ የስህተት ማረሚያ የተለጠፈበትን፣ ዋጋው በሳንቲም የተጻፈበትን፣ "ለውድ ወዳጄ ማስታወሻ ትሁንልኝ" ተብሎ በቀለም ብዕር የተፈረመበትን። ዛሬ ከነስማቸው የጠፉ ማተሚያ ቤቶች ያወጧቸው፣ ሌላ ቅጂያቸው የት እንዳለ የማይታወቅ ስስ ስስ መጻሕፍት ነበሩት። ስማቸውን ብጠራላችሁ አታውቋቸውም። ነገሩም ይኸው ነው፤ የሚያውቃቸው እሱ ብቻ ነበር።

ማየት የፈለገ መጀመሪያ እጁን ይታጠባል፣ በፎጣ ያደርቃል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶለት ያነባል። ማዋስ የሚባል ነገር የለም። በየቅዳሜው አንድ በአንድ አውርዶ በለስላሳ ጨርቅ ይጠርጋል፤ ዲላ እርጥበት ነው፣ ሻጋታና ብል አያስቀምጥም። ፀዳለ ያን ጊዜ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር። ምን እንደምታስብ ጠይቋት አያውቅም።

እንዴት እንደሚሰበስብ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፣ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። የተማረ ሰው ሲሞት ታዲዮስ ለቅሶ ይደርሳል። ይርጋጨፌም ይሁን ወናጎ፣ አንድ የድሮ መምህር፣ አንድ የድሮ ወንጌላዊ አረፈ ከተባለ ታዲዮስ አይቀርም። ጥቁር ኮቱን ይለብሳል፣ ቤተሰቡን ያጽናናል። ከልቡ ነው የሚያጽናናው፣ ሰው አላማም። ዓይኑ ግን ቀስ እያለ መደርደሪያውን ይዞራል። ሰልስት ካለፈ በኋላ በዚያ በለስላሳ ድምፁ "የአባታችሁን የድሮ ወረቀቶች ምን ልታደርጓቸው አሰባችሁ?" ይላል። ልጆቹ ምን ያውቃሉ? ወስደህ ገላግለን ይሉታል።

ከዚህ የተነሣ በከተማው ቀልድ ወጥቶለት ነበር። አንድ ታመው የተኙ ሽማግሌ "ታዲዮስ ሊጠይቀኝ መጣ? በቃ፣ አለቀልኝ በሉኛ!" አሉ ይባላል። ሰው ይስቃል፤ ታዲዮስም አብሮ ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ራት አይበላለትም። "ማን ነው የተናገረው? ማን ማን ነበር እዚያ? ነስሩም ሳቀ?" እያለ ፀዳለን መከራዋን ያሳያታል። አይ ታዲዮስ! የሰው አፍ እንደሚፈራ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ የቡሌው ነገር መጣ። ፀዳለ ልቧን ታማ አልጋ ከያዘች ሰንብታለች። ታላቅ እህቷ አልጣሽ ከጪጩ መጥታ ታስታምማታለች። በዚህ መሐል ታዲዮስ ቡሌ ያሉ ጋሽ ሲላስ የሚባሉ ጡረተኛ ወንጌላዊ አንዲት የጥንት የግጥም መጽሐፍ አላቸው ሲባል ሰማ። ስንት ዓመት ሲፈልጋት የኖረ መጽሐፍ ናት። "ደርሼ ልምጣ?" አለ። ፀዳለ "ሂድ" አለችው፤ እሱም ከዚህ ዓይነት መንገድ ቀርቶ አያውቅም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቡሌ ብርድ ነው። አመሻሹ ላይ አልጣሽ ደወለች።

"ብሶባታል፣ ሆስፒታል ልናስገባት ነው፣ ና።"

"መጣሁ" አለ።

አልመጣም። እዚያው አደረ። በማግስቱ ዲላ ሲደርስ ፀዳለ ጎህ ሳይቀድ አልፋ ነበር። እሱ አጠገቧ አልነበረም፤ መጽሐፏ ግን ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበረች።

ከዚህ ወዲያ ለሰው አፍ ምን ይሰጣል? ገና አስከሬን ሳይወጣ ከተማው ሰማው። "ለአንዲት ብጭቅጫቂ መጽሐፍ ብሎ ሚስቱን ጥሏት አደረ!" ታዲዮስ አላመነም፣ አልካደም። ዝም አለ። ዝም ሲል ደግሞ ሰው እንዳመነ ቆጠረው።

እንግዲህ እዩት! ይህ ሰው በዚያ ሐዘን ቤት ተነሥቶ "መጽሐፎቼ የት ናቸው?" ይበል? በየሰው ለቅሶ መደርደሪያ ሲያይ የኖረው ሰው፣ ሚስቱን በመጽሐፍ የለወጣት የሚባለው ሰው፣ አፈሩ ሳይደርቅ ስለ መጽሐፍ ይጠይቅ? የዕድሜ ልክ ልፋቱ የት እንደተጣለ ሳያውቅ፣ ደመናውን በድንኳኑ ጠርዝ እያየ ቁጭ አለ።

ያዘነለት ነስሩ ነው። ነስሩ ከመንገዱ ማዶ የሚነግድ ጎረቤቱ ነው፤ አባቱ ከሥልጤ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ይዞ የቀረ፣ የእድሩን ዕቃ የሚጠብቅ ሰው። አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠና ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ አለ።

"ኪታቦችህን እያሰብክ ከሆነ አታስብ።"

የታዲዮስ ጆሮ ቆመ።

"ከጓሮ ናቸው። ፀዳለ ቡናዋን የምታደርቅበት ባለ ሽቦ የእንጨት አልጋ አለ አይደል? እሱ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ኪታብ መሬት አላስቀምጥም እኔ። ከላይ የመኪናዬን ሸራ ድርብ አድርጌ አልብሼ በገመድ ጠፍሬያቸዋለሁ። የጥፋት ውኃ ቢመጣ ጠብታ አይገባም።"

ታዲዮስ ከቀብር መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ። ወዲያው ደግሞ በትንፋሹ አፈረ። ቀና ሲል አልጣሽ የሳሎኑ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ቁመቷ እንደ እህቷ፣ ፊቷም እንደ እህቷ ነው፤ ዓይኗ ግን የራሷ ነው፣ ሰውን ዘልቆ ይገባል።

"ነስሩ ምን ብሎህ ነው?" አለችው።

"ስለ... ስለ ወንበር ነው" አለ ታዲዮስ።

"ስለ ወንበር" አለች ደግማ፣ ፊቷንም አዙራ ገባች።

ያን ቀን አመሻሽ ዘነበ። ታዲዮስ ጆሮውን ወደ ጓሮ አድርጎ አዳመጠ፤ ጠብታው ወፍራሙን ሸራ ሲደበድበው ይሰማል። ደህና ናቸው። ሐዘንተኛ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ይጽናናል? ተጽናና። ትንሽ ቆሎም ቀመሰ፤ ሴቶቹ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህል ቀመሰ" ተባባሉ።

በማግስቱ ሰው በዛ። ከጪጩ የፀዳለ ዘመዶች በአይሱዙ ተጭነው መጡ፤ የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መጡ፤ ታዲዮስ ያስተማራቸው፣ ዛሬ ቢሮ የሚሠሩ ሰዎች መጡ። የቤተ ክርስቲያኗ ወንጌላዊ ቆመው ስለ ምድራዊ ሀብት ከንቱነት ሰበኩ። ዓይናቸው ወደ እሱ ይሂድ አይሂድ እንጃ፤ እሱ ግን ወደ እኔ ነው ብሎ አንገቱን ሰበረ። ከኋላው ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ "ቡሌ" የምትል ቃል ሰማ። ሌላው አልተሰማውም። ሌላውን ራሱ ሞላው።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ መጣ። የመጀመሪያው ቀን ዓይነት አይደለም፤ ሰማይ የተቀደደ የሚያስመስል የግንቦት ዝናብ። የእድሩ ድንኳን ደግሞ አሮጌ ነው፤ ስፌቱ ከሴቶቹ በላይ ተተረተረ፣ ውኃው እንደ ቧንቧ አሮጊቶቹ ጭን ላይ ወረደ። ግርግር ሆነ። ሳሎኑ ሞልቷል፤ ጓዳው የእንግዳ ጓዝ ነው፤ የሚጠጋበት የለም።

"ሌላው ድንኳን የት ነው?" አሉ ጋሽ በቀለ።

"ሌላ ለቅሶ ላይ ነው" አላቸው ነስሩ።

"እና ሸራ ያለው ሰው ይጥፋ?"

ከጓሮ የገባ አንድ ጎረምሳ "አለ እንጂ! ከጓሮ ትልቅ ሸራ አለ፣ አዲስ!" ብሎ ጮኸ።

"እሱ ሥራ ላይ ነው" አለ ነስሩ ቶሎ ብሎ። "የመምህርን መጽሐፍ ነው ያለበስኩት።"

መጽሐፍ! ከሴቶቹ መሐል አንዷ "እህህ" አለች፣ ረዘም አድርጋ። ያን ያህል ሕዝብ ራሱን አዙሮ ታዲዮስን አየው።

አሁን እዚህ ላይ ቆዩልኝ። ይህ ሰው ምን ማለት ነበረበት? "መጽሐፎቹን መጀመሪያ ወደ ደረቅ ቦታ አስገቡልኝና ሸራውን ውሰዱ" ማለት ነበረበት፣ ሌላ ምንም። ማን ይቆጣዋል? ጋሽ በቀለ እንኳ ወጣቶቹን አሰልፈው በቅብብል ያሻግሩለት ነበር። ታዲዮስም ይህን ያውቃል፣ ቃሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ቀና ሲል አልጣሽን አየ። በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ ታየዋለች፣ ትጠብቃለች። ታዲዮስ ዓይኗን አንብቤዋለሁ አለ። "በል እንግዲህ፣ ምን እንደሆንክ ሰው ፊት አሳየን" የምትለው መሰለው።

ተነሣ። ያ ከፍ ብሎ የማያውቀው ድምፁም ከፍ አለ።

"ይነሣ! ሰው እየበሰበሰ ወረቀት ሸራ ይልበስ? ይነሣ እንጂ!"

"እሰይ!" አለ አንዱ። "ተባረክ!" አሉ አሮጊቶቹ። ጋሽ በቀለ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ነስሩ ግን ጠጋ ብሎ እጅጌውን ያዘው። "መምህር፣ አንድ አፍታ ታገሠኝ። እነዚህ ልጆች ይያዙልኝና መንገዱን አሻግሬ ሱቄ ላስገባቸው። ከዚያ ሸራውን አመጣለሁ። ቶሎ ነው፣ ወላሂ።"

ሰው ሁሉ ይሰማል። አልጣሽም ትሰማለች።

"ተው ነስሩ" አለ ታዲዮስ። "ዛሬ የፀዳለ ቀን ነው። የመጽሐፍ ቀን አይደለም።"

ወይ አንደበት! ከየት አመጣው? አሮጊቶቹ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ወንጌላዊው ወዲያው ተቀበሉት፤ "ወንድማችን ዛሬ ታላቅ ትምህርት አስተማረን" ብለው ስለ እሱ ሰበኩ። ስንት ዓመት ሲታማ፣ ሲቀለድበት የኖረ ሰው በዚያች ቅጽበት ሰው ፊት ትልቅ ሆነ። ጣመው። ሚስቱ በተቀበረች በማግስቱ፣ መጽሐፎቹ ሊበሰብሱ፣ ምስጋናው ጣመው። እግዜር ያሳያችሁ!

ሸራው ገባ። በራሱ ላይ ወደ ሴቶቹ ሲያልፍ ጥቂት ውኃ ግንባሩ ላይ ጠብ አለ። አሰሩት፤ ፍሳሹ ቆመ፤ ሰው ተረጋግቶ ተቀመጠ፤ መዘምራኑ ጀመሩ። ታዲዮስ ጆሮውን ወደ ጓሮ አደረገ። ያ ድብደባ የለም። ምንም ድምፅ የለም። ወረቀት ውኃ ሲጠጣ አይጮህም።

ያን ጊዜ ነው የሆነው ነገር የገባው። የምስጋናው ጣዕም ከአፉ ጠፋ። ነስሩ እንዴት እንደሚደረድር ያውቃል፤ ትልልቁን ከታች፣ ትንንሹን ከላይ። ትንንሾቹ ግጥሞቹ ናቸው። ስለዚህ አሁን ዝናቡ የሚመታው እነሱን ነው። ያቺ ሽፋኗ ሰማያዊ፣ ገጣሚዋ ራሷ በቀለም የፈረመችባት። ያ ገጾቹ እስከ ዛሬ ያልተቆረጡ፣ ማንም ያልከፈተው። ከይርጋጨፌ ለቅሶ ያመጣው፣ የገጣሚው ፎቶ ላይ ስስ ወረቀት የተደረገበት። የቡሌዋም እዚያው ናት፤ የቀብሩ ዕለት ጠዋት ኮቱን ሲቀይር መደርደሪያው ላይ አስቀምጧት ነበር። አንድ በአንድ እየጠራ በየተራ አረጠባቸው። ይነሣ? አሁንም ጊዜ አለ፤ ግማሹ ይተርፋል። ግን ያን ሁሉ ቃል ተናግሮ፣ ያን ሁሉ ምርቃት ተቀብሎ፣ እንዴት ብሎ ይነሣ? ምን ይሉታል?

አለቀሰ። ከቀብር ጀምሮ ያልወጣለት ዕንባ ዱብ ዱብ አለ። የጪጩ ሴቶች ተጠግተው ጀርባውን ዳበሱት። "አልቅስ፣ ይውጣልህ" አሉት። "ይወዳት ነበር እኮ፣ በከንቱ አማነው" አለች አንዷ። እሱ ለማን እንደሚያለቅስ አያውቅም ነበር። ለፀዳለ እንዳይሆን፣ ዕንባው የመጣው መጻሕፍቱ ሲረጥቡ ነው። ለመጻሕፍቱ እንዳይሆን፣ ራሱ አይደል "ይነሣ" ያለው? አፍሮ ጨምሮ አለቀሰ።

ነስሩ አላስቻለውም። በዝናቡ ወጥቶ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል እየቆረጠ አለበሳቸው። የሚችለው ያን ነው። ንፋሱ ደግሞ ወዲያው ገፎ በተነው። እንደገና አለበሰ፣ እንደገና ገፈፈው። በስብሶ ሲመለስ ከታዲዮስ ርቆ ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች፤ ምን እንደቀራት እንጃ። ድንኳኑ ፈረሰ፣ ፍራሹ ተነሣ፣ ሰው እየተሰናበተ ሄደ። ብዙዎቹ እጁን በሁለት እጃቸው እየያዙ "ኮራንብህ መምህር" አሉት። ነስሩ ሸራውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ አደረገና ዓይኑን ሳያይ "ያጽናህ" ብሎት መንገዱን ተሻገረ።

ታዲዮስ ብቻውን ወደ ጓሮ ዞረ።

አብጠዋል። ሽፋናቸው ተገልብጧል፣ ክራቸው ተበጥሷል። ቀይ የጨርቅ ሽፋን የነበረው ቀለሙን ለቅቆ ከታቹ ያሉትን ሁሉ ቀይ አድርጓቸዋል። የብዕሩ ፊርማ ሄዷል፤ ሰማያዊ ዕድፍ ብቻ ቀርቷል። አንዱን ሲያነሣው እንደ ሊጥ ጣቱ መሐል ገባ። የአንዱ ገጽ ከሌላው ገጽ ጋር ተላቁጦ የማን ግጥም የት እንደሚያልቅ አይለይም። ከመሐል ሁለት ሦስት ወፋፍራም ደህና ነገሮች ተርፈዋል፤ እነሱም መዝገበ ቃላት ናቸው፣ በየሱቁ ይገኛሉ። ከሥር ካለው የቡና ማድረቂያ ሽቦ ነጭ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል።

ከኋላው ኮቴ ሰማ። አልጣሽ ናት፤ ወደ ጪጩ ልትመለስ ቦርሳዋን አንጠልጥላለች። መጥታ አየች።

"ሁሉም?" አለች።

"ሁሉም።"

ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። "እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው። ነስሩ ጓዳ ይግቡ ብሎኝ ነበር፤ አይሆንም፣ ወደ ጓሮ አልኩት። እልህ ይዞኝ ነው። ተነሥቶ ይጩህና ሰው ፊት ይዋረድ ብዬ ነው።"

"ገብቶኛል።"

"አልገባህም!" አለች። "ያ ሸራ ይነሣ ሲባል ግን ሌላ ነገር ፈለግሁ። እንድትጮህ ፈለግሁ፤ ለማዋረድ አይደለም፣ ከልቤ ነው። በር ላይ ቆሜ 'አምላኬ፣ ይጩህ' እል ነበር። ፀዳለ ምን ትለኝ እንደነበር ታውቃለህ? እኔ ስሰድብህ ምን ብላ እንደምታስቆመኝ? 'ተይው አልጣሽ፣ ታዲዮስ መውደድ የሚችል ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚያን መጽሐፎች ሲይዛቸው ብታዪው! ለእኔ ሳይተርፈኝ ቀረ እንጂ መውደድስ ይችላል' ትለኝ ነበር። በዚህ ነው ስትጽናና የኖረችው። በዚህ!"

ታዲዮስ እጁ ላይ የተጣበቀውን ወረቀት ያይ ነበር።

"ብትነሣ፣ 'ዞር በሉ' ብለህ በዚያ ዝናብ ብትተኛባቸው፣ እሰድብህ ነበር፣ አልምርህም። ግን እህቴ እውነቷን ነው ብዬ እሄድ ነበር። ለምን ተውካቸው? ነስሩ እንኳ ላሻግራቸው ብሎህ ነበር እኮ! ለምን?"

"ሰው ምን ይለኛል ብዬ።"

"ሰው" አለች፣ ቃሉ ያልገባት ይመስል። ከዚያ አንድ እርምጃ ቀረበችው፤ ድምጿ አሁን የመለመን ያህል ነበር። "ቡሌስ? ቡሌ ያደርከው መጽሐፏን እስኪሰጡህ ነው፣ አይደል? አልሰጥ ብለውህ ነው?"

አዎ ቢላት ይበቃት ነበር። እሱም ያውቃል። ግን ደክሞት ነበር።

"መጽሐፏን እንደደረስኩ ነው የሰጡኝ። ስትደውዪ ኪሴ ውስጥ ነበረች።"

"እና?"

"ጋሽ ሲላስ በግ አሳርደው ነበር። ጎረቤት ሁሉ ጠርተው፣ ቆጮው ቀርቦ፣ እጅ ታጥበን ነበር። ያመጣኝ ባለ ሞተርም ደጅ ላይ ነበር፣ ልውሰድህ ብሎኝ ነበር። ግን ሳልቀምስ ብነሣ... ሽማግሌው ምን ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። ከበላን በኋላ ደግሞ መሸ፣ እደር አሉኝ።"

አልጣሽ የማድረቂያውን አልጋ ጠርዝ ያዘች። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ። አልሰደበችውም። ቦርሳዋን አንሥታ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ነው የዞረችው፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

"እኛ እኮ ሁላችንም 'ለመጽሐፍ ብሎ ነው' ስንል ነበር" አለችው። "ምነው ለመጽሐፍ በሆነ።"